መርዶ ለሚያደርሰው ፖሊስ አብሮት የሚሄድ ሰው ይሰጠው

ለድሬዳዋ አስተዳደር ፖሊስ ኮሚሽን
ለከተማችን የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ የሃይማኖት አባቶችና እናቶች ከፖሊስ ጎን እንዲመደቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ የጉባኤው አባቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገልኩ፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን በድንገተኛ ክፍል ያሳለፍኩ፣ ዛሬ በጡረታ ሳቢያን ተቀምጬ የሰፈራችንን ዕድር መዝገብ የምይዝ ሴት ነኝ። የፖሊስን ሥራ ከውስጥ አላውቀውም። ይሁን እንጂ ፖሊስ አስከሬን ወይም ሊሞት የተቃረበ ሰው ይዞ በሌሊት ሲመጣ በር ከፍተው ከሚቀበሉት አንዷ ስለነበርኩ፣ ሌላው ሰው የማያየውን የሥራውን ጥግ አይቻለሁ። የምጠይቀውም ስለዚያ ጥግ ነው። ከየእምነቱ የተመረጡ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱና በጽሑፍ በተቀመጠ ደንብ የሚመሩ የሃይማኖት አባቶችና እናቶች በተራ ተጠሪ ሆነው፣ መርዶ በሚነገርበት ጊዜ ከፖሊሱ ጋር እንዲሄዱ፣ ፖሊሱም ራሱ ሲከብደው ሄዶ የሚያወራቸው ሰዎች እንዲሆኑ እለምናለሁ።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ከተገለበጠ አይሱዙ የወጣ አንድ ሰው ሕይወቱ አልፎ ነበር የደረሰን። ያመጣው ኮንስታብል ዕድሜው ቢበዛ 23 ወይም 24 ነው። ሐኪሙ መሞቱን አረጋግጦ ከፈረመ በኋላ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ የሟቹን ንብረት መመዝገብ ጀመረ፤ አንድ የእጅ ስልክ፣ አንድ ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳ ከነመታወቂያው፣ በሙዝ ቅጠል የታሰረ ጫት፣ በፌስታል የተያዘ አንድ ጥንድ አዲስ የልጅ ጫማ። ጫማው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ገልብጦ ሶሉን አየና «ሲስተር፣ ቁጥሩንም ልጻፈው እንዴ?» አለኝ። ቁጥሩ 28 ነበር። ለቅጹ እንደማያስፈልግ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ «ጻፈው» አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንን ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ብቻውን፣ በባጃጅ የሟቹን ቤት ፍለጋ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ጠይቆኝ ነበር። «ቀስ ብለህ ንገራቸው» ከማለት ሌላ የሰጠሁት ምክር የለም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

እኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ሞት ከሩቅ ሲሰማ ዜናው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሟቹ እናት ወይም ሚስት አይደለም፤ ለጎረቤትና ለዘመድ ነው። ዘመድ ለዘመድ በሹክሹክታ ይነጋገራል፣ የሚነገርበት ቀን ይቆረጣል፣ ንጋት ላይ ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ሽማግሌዎች፣ ካህን ወይም ሼህ፣ ሁለት ሦስት ጠንካራ ሴቶች አንድ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ። የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ልበ ስስ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከጎኑ የሚቀመጠውም ሰው ይመደባል። ውሃ ይያዛል። ከዚያ በር ይንኳኳል። መርዶ የሚያረዳው ሰው ዕድሜ ያለውና ቃሉ የሚከበር ይሆናል፤ ቃሉ ሲወጣ የሚወድቀውን የሚይዙ እጆች ደግሞ ቀድመው ቆመው ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ ያበጁት አያቶቻችን ሐኪሞች አልነበሩም፤ እኔ ግን ነርስ ሆኜ ስመለከተው ከዚህ የተሻለ የድንገተኛ ሕክምና ዝግጅት ብዙ አላየሁም።

በድንገተኛ አደጋና በወንጀል የሚሞት ሰው መርዶ ከዚህ ሥርዓት ያመልጣል። መጀመሪያ የሚያውቀው ፖሊስ ነው። ፖሊሱ የሟቹን ማንነት ማረጋገጥ አለበት፣ ቤተሰብ መጥቶ አስከሬኑን እንዲለይ ያስፈልገዋል፣ መዝገቡም ይጠብቀዋል። ንጋት እስኪሆን ልቆይ ቢል እንኳ የድሬ ሙቀት ለአስከሬን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አጭሩ መንገድ ይመረጣል፤ ከሟቹ ኪስ የተገኘ ስልክ ይከፈታል፣ በብዛት የተደወለለት ቁጥር ይደወላል።

የእህቴን ልጅ መርዶ የሰማነው እንደዚህ ነው። ከየትኛው ከተማና ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተደወለ አላነሳም፤ ዓላማዬ ክስ አይደለም። እህቴ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እየመረጠች ነበር። ደዋዩ የሟች ቤተሰብ መሆኗን ጠየቃት፣ ስሙን ነገራት፣ አስከሬኑ የት እንዳለም ነገራት። እህቴ «ተሳስተዋል፣ ቁጥሩ አይደለም» ብላ ዘጋችው። ቲማቲሙን አስመዝና ከፈለች፣ ቤቷ ገባች፣ ወጥ ሠራች፣ የልጇንም ድርሻ አስቀመጠች። ለማንም አልተናገረችም። እኛ የሰማነው ማታ በሌላ ሰው በኩል ነው፤ ልንነግራት ስንሄድ ደጇ ላይ ቆማ «እናንተም ያ ሰውዬ ደወለላችሁ?» አለችን። ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ ሲጠራ አታነሳም፤ ልጆቿ ሲፈልጓት ወደ ጎረቤት ይደውላሉ። የደወለውን ሰው ለረጅም ጊዜ ጠልቼው ነበር። ኋላ ላይ ያ ጫማ የያዘው ኮንስታብል ትዝ ሲለኝ ግን፣ ደዋዩም ምናልባት የዚያን ልጅ ያህል ዕድሜ ያለው፣ ይህን ሥራ ማንም ያላስተማረው፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላም ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሊሆን እንደሚችል አሰብኩ።

በሌሎች አገሮች ይህን ሥራ ከፖሊስ ጋር የሚካፈሉ ሰዎች አሉ። በአሜሪካና በእንግሊዝ በብዙ ከተሞች ፖሊስ «ቻፕሊን» የሚባሉ የሃይማኖት አገልጋዮች አሉት፤ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ፣ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ምኩራብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የተጀመረው ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው የተመሠረተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ውስጥ የካቶሊክ ካህናት፣ የአይሁድ ረቢዎችና ኢማሞች ጎን ለጎን ያገለግላሉ። ሥራቸው ከሚመስለን ይልቅ ተራ ነው። በሌሊት ስልክ ይደወልላቸዋል፤ መርዶ ከሚያደርሰው ፖሊስ ጋር ይሄዳሉ። በሌላው ቀን በጥበቃ መኪናው ከፖሊሱ ጎን ተቀምጠው ከተማውን ይዞራሉ፤ ወሬው ስለ ኳስም ስለ ቤት ኪራይም ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ፖሊሱ ሌላ ነገር ያነሳል። የቆሰለ ፖሊስ ሲኖር ሆስፒታል ይገኛሉ፣ የሞተ ሲኖር ከቤተሰቡ ጋር ይሰነብታሉ። ስለ መርዶ የያዙት ደንብም ከእኛ ሥርዓት ጋር ብዙ የሚገናኝ ነው፤ በአካል ሂድ፣ ብቻህን አትሂድ፣ አትዘግይ፣ ቃሉን አድበስብሰህ ተስፋ አትስጥ፣ የሟቹ ዘመድ እስኪመጣ ድረስ ሰውየውን ብቻውን ትተህ አትውጣ። አንድ ልዩነት አለን፤ እነሱ «ሞቷል» የሚለውን ቃል በግልጽ መናገርን ያጠብቃሉ፣ እኛ «አርፏል» ወይም «ተለይቶናል» ብለን እናለሰልሳለን። «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረሱ» እየተባለ ሲጓዝ ያደረና ሆስፒታል በር ላይ እውነቱን የሰማ ሰው በእጄ ላይ ወድቆ ስለማውቅ፣ በዚህ ነገር እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮም ወታደር የነበረው ቅዱስ ማርቲን በአሚያን ከተማ በር ላይ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ የኔ ቢጤ ካባውን በሰይፉ ለሁለት ቀዶ ግማሹን እንዳለበሰው ይነገራል። ያ ካባ በኋላ የፍራንክ ነገሥታት ዘንድ በክብር ይጠበቅ ነበር፤ የካባው ጠባቂዎችም በካባው የላቲን ስም በ«ካፔላ» ተጠሩ፣ «ቻፕሊን» የሚለው መጠሪያ የወጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው የወታደር ነገር ነበር።

ለእኛ ግን ስሙን እንዳለ ማምጣት አያስፈልግም። «የመንፈስ አባት» ብንል ሴቶችን ይተዋል፣ ለሙስሊሙም የቤቱ ቃል አይሆንም። እኔ «አጽናኝ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ለቀስተኛ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለውም፣ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» የሚለውም የመጡበትን ጉዳይ ያስረዳልና። ኮሚሽኑ ሌላ ስም ካለው ይሁን፤ ድሬ እንደሆነች ለሁሉም ነገር የራሷን ስም ማውጣቷ አይቀርም።

ኃላፊዎቹ «እኛ እኮ ከሃይማኖት አባቶች ጋር እንሠራለን» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እውነት ነው። ስብሰባ ሲከፈት ይመርቃሉ፣ ግጭት ሲነሳ ለእርቅ ይጠራሉ፣ በዓል ሲደርስ ስለ ሰላም መልእክት እንዲያስተላልፉ ይጋበዛሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሥራም በየቀበሌው ሽማግሌዎችን ያሳተፈ መሆኑን በሰፈሬ አይቻለሁ። ነገር ግን ይህ ሁሉ በቀንና በመድረክ ላይ የሚሆን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣቢያ ተረኛ የሆነው ሳጅን የሚደውልለት አንድም የሃይማኖት አባት ስልክ ቁጥር በጠረጴዛው ላይ የለውም ብል የምሳሳት አይመስለኝም፤ ከተሳሳትኩ በደስታ እታረማለሁ።

አሁን ወደ ፖሊሱ ልምጣ፤ እስካሁን የጻፍኩት ስለ ሟች ቤተሰብ ይመስላልና። እኛ የከተማው ነዋሪዎች ችግር ሲደርስብን ዕድር አለን፤ ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ ጎረቤትና ዘመድ አለን። ከሌላ አካባቢ ተቀጥሮ የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ ለብቻው የሚኖር ኮንስታብል ከነዚህ አንዱም የለውም። በየጊዜው ሊዛወር ይችላል፤ ስለዚህ ዕድር ለመግባት እንኳ መመዝገቢያው ይከብደዋል፣ እኛም እውነቱን ለመናገር የደንብ ልብስ የለበሰ አባል ሲመጣ በሙሉ ልብ አንቀበለውም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሕዝቡ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሲጎርፍ እሱ መንገድ ላይ ቆሞ ያድራል፤ ስለቱን የሚያደርሰው ሌላው ነው። በረመዳን አዛን ሲባል አስፋልት ዳር ቆሞ በአንድ ተምርና በአንድ ላስቲክ ውሃ ሲያፈጥር ያየሁት የትራፊክ ፖሊስ አለ፤ መኪናው ግን አላቆመለትም፣ በአንድ እጁ ተምሩን ይዞ በሌላው እያሳለፈ ነበር። የበዓሉ ቀን የሁላችን ሲሆን ለእሱ የሥራ ቀን ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ንስሐ አባቱን ወይም ኡስታዙን አግኝቶ የማያውቅ ፖሊስ ብዙ መሆኑን ለመገመት ጠቢብ መሆን አያሻም።

ያ ሰው በሳምንት ውስጥ የሚያየው ነገር እኛ በዕድሜያችን አንድ ጊዜ ካየነው የምናወራው ነው። የተቃጠለ ቤት፣ በስለት የተወጋ ጎረምሳ፣ በባጃጅ የተገጨ ሕፃን፣ ራሱን የሰቀለ አባወራ። ነርሶች ቢያንስ ፈረቃ ስንቀያየር ሻይ ቤት ተቀምጠን እናወራለን፣ እንዲያውም በሌላ ሰው ፊት የማይባል ቀልድ እንቀልዳለን። ፖሊስ ደካማ መስሎ እንዳይታይ ዝም ይላል። ለአለቃው ቢናገር መሣሪያውን እንዳይነጥቁት ወይም እድገቱ እንዳይሰናከል ይፈራል፤ ለሚስቱ ቢናገር እሷ እንቅልፍ ታጣለች። መሣሪያ የታጠቀ ሰው ውስጡ ጨልሞበት ማንም ሳያውቅለት መቆየቱ ለራሱም ለቤተሰቡም ለከተማውም አደገኛ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማተት አልፈልግም። በውጭው አገር አጽናኞቹ ከሁሉ በላይ ንቁ የሚሆኑትም በዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ሳነብ ገርሞኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና ተፈርዶባቸው የታሰሩ ሰዎች ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከዘመዶቻቸው፣ ከሐኪማቸውና ከሕግ አማካሪያቸው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሃይማኖት አማካሪያቸውም ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ተገቢ ነው። ከእስረኞቹ ክፍል በር ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያድረው ጠባቂ ግን የሚጠይቀው የሃይማኖት አማካሪ የለም። መብት ተነፍጎት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማንም ስላላሰበበት ነው።

ሕገ መንግሥቱን ካነሳሁ ዘንድ፣ ዋናው ተቃውሞም ከዚያው ይመጣል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይናገራል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ ይከለክላል። ይህን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም፤ በተለይ እንደ ድሬዳዋ ባለች፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በተቀራረበባት፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ በአንድ ሱቅ በር ላይ በሚሰማባት ከተማ። በአድዋ ዘመቻ በ1888 ዓ.ም. ታቦቱ ከጦሩ ጋር ወጥቷል፣ አቡነ ማቴዎስም ዘምተዋል፤ ያ የዚያ ዘመን ሥርዓት ነው፣ ዛሬ የከተማ ፖሊስ ለአንድ እምነት አድልቶ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ የምለምነው ደንቡ ከሁሉ በፊት በጽሑፍ እንዲወጣ ነው። አጽናኙ የፖሊስ ሠራተኛ አይሆንም፣ ማዕረግም መሣሪያም አይኖረውም፤ የሚመርጡትና የሚልኩት የየእምነቱ ተቋማት በጉባኤያቸው በኩል ይሆናሉ፣ ኮሚሽኑ የሚሰጠው መግቢያ ፈቃድና የተራ ሰንጠረዥ ብቻ ይሆናል። ማንም ፖሊስ አጽናኝ እንዲያናግር አይታዘዝም፣ ስላላናገረም አይጠየቅም። አጽናኙም ሰበካ አያካሂድም፤ ሰው ራሱ «ጸልዩልኝ» ወይም «ዱዓ አድርጉልኝ» ካላለ በቀር አፉን ለጸሎት አይከፍትም። እምነት የሌለው ፖሊስ ቢኖር ከእሱም ጋር ሻይ ይጠጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ሕዝቡ አጽናኙን የፖሊስ ጆሮ አድርጎ እንዳያየው፣ ፖሊሱም የአለቃው ጆሮ አድርጎ እንዳያየው እፈራለሁ። አንድ ቄስ ወይም ሼህ ለቅሶ ቤት የሰማውን ለመርማሪ ቢያቀብል፣ ወይም አንድ ኮንስታብል በምሬት የተናገረው ነገር በማግስቱ በግምገማ ላይ ቢነሳ፣ ሥራው በዚያው ቀን ሞተ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ማንም በሩን አይከፍትላቸውም። ስለዚህ አጽናኝ በምርመራ ክፍል ውስጥ እንዳይገኝ፣ የእምነት ቃል ሲሰጥ እንዳይቀመጥ፣ ምስክር እንዲሆን እንዳይጠየቅ፣ ሪፖርት እንዳይጽፍ በግልጽ ይደንገግ። የሚሰበረው ምስጢር አንድ ብቻ ይሁን፤ ሰውየው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊገድል መሆኑ ሲታወቅ። ያም ቢሆን ገና ከመጀመሪያው ለሰውየው ይነገረው።

ከሃይማኖት አባቶች በኩል ሊመጣ የሚችለውንም ጉድለት ልናገር፣ ይቅር በሉኝ። አንዳንዶቻችሁ ማጽናናትን ከስብከት ለይታችሁ አታዩም። ልጇ የሞተባትን እናት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ዝም ማሰኘት ማጽናናት አይደለም፤ እኔ ያየኋቸው ጥሩ አጽናኞች ቃላቸው ጥቂት ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ በተኛንበት ሲደርስብን፣ ከ250 በላይ ሰው በጠፋበት በዚያ ሰሞን፣ አስከሬን ሊለዩ የመጡ ቤተሰቦች ተሰልፈው በቆሙበት አንድ ሽማግሌ ሼህና አንድ ቄስ ጎን ለጎን ቆመው ውለዋል። ማንም አልመደባቸውም። የማንም እምነት አልጠየቁም። ሸራው ሲገለጥ ሰውየውን ከኋላው ደግፎ የሚይዘው ማን እንደሆነ በዓይን እየተነጋገሩ ይሠሩ ነበር፤ በር ላይ የቆመው ፖሊስም ከእነሱ አጠገብ ሲሆን ትከሻው ሲላላ ይታየኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተናገሩት ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም።

ለሙስሊሙ ቤተሰብ ይህ ሥራ ተጨማሪ ጥቅም አለው። አስከሬን ቶሎ መታጠብ፣ መከፈንና መቀበር አለበት፤ በወንጀል የተጠረጠረ አሟሟት ሲሆን ግን ሕጉ ምርመራ ይጠይቃል። ሆስፒታል በር ላይ ከፖሊስ ጋር ጭቅጭቅ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ስለ አስከሬን ምርመራ ቢያስረዳ ቤተሰቡ የሚሰማው «ከለከለን» የሚለውን ነው፤ ሼሁ «የደሙ መብት እንዳይጠፋ ነው፣ እኔ እዚሁ ቆሜ ቶሎ እንዲያልቅ አስፈጽማለሁ» ቢላቸው ቁጣው ይበርዳል። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ሼሁ በአጋጣሚ የሟቹ ጎረቤት ሆነው ስለመጡ ብቻ።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የሃይማኖት አባት ስንል ወንድ ብቻ ከመጣ ግማሹ ሥራ ይቀራል። የተደፈረች ልጅ፣ ባሏ የተገደለባት እናት፣ የምታጠባ ሴት ፖሊስ ለአንድ ቄስ የማይናገሩት አለ። መነኮሳዪያት አሉን፣ የካቶሊክ ሲስተሮች አሉን፣ ቁርኣን የሚያስተምሩ ኡስታዛዎች አሉን፣ በየወንጌላውያኑ ቤት የጸሎት እናቶች አሉ። ማንም ጠርቷቸው ስለማያውቅ እንጂ ለመምጣት የሚያንሱ አይደሉም። ቋንቋም እንዲሁ ይታሰብበት፤ መርዶ በሁለተኛ ቋንቋ አይነገርም፣ የገንደ ቆሬዋን ሶማሊ እናት በአስተርጓሚ ማጽናናት አይቻልም።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ምንም አይፈልግም ማለት ግን ውሸት ነው። በጎ ፈቃደኛ ማለት ከኪሱ የሚከፍል ማለት ከሆነ፣ በጎ ፈቃደኛ የሚሆነው ሀብታም ብቻ ነው። ከሳቢያን ወደ ከዚራ በሌሊት ባጃጅ ስንት እንደሚጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ወይ የጣቢያው መኪና ያምጣቸው ወይ የትራንስፖርት ይታሰብላቸው። የስልክ ካርድ ያስፈልጋል። ከርቀት የሚታይ ነገር ግን ከፖሊስ ልብስ ጋር የማይመሳሰል ሰደርያ ያስፈልጋል። ሥልጠናው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢሆን ይበቃል፤ ለዚህም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህራን፣ አንድ ልምድ ያለው መርማሪና አንድ የድንገተኛ ክፍል ነርስ አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው። ነርሷ እኔ እሆናለሁ። መምህራኑን ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው፤ አጽናኝ ሐኪም አይደለም፤ እንቅልፍ ካጣ ወር የሞላውን፣ በየሌሊቱ የሚባንነውን ፖሊስ ለይቶ ወደ ሕክምና መምራት እንጂ በጸበል ወይም በሩቅያ ብቻ ይዞ ማቆየት የለበትም።

በመላ ከተማው ይጀመር አልልም። ሁለት ጣቢያ ይመረጥ፣ አንዱ ከከዚራ ወገን፣ አንዱ ከመጋላ ወገን። ለየጣቢያው አራት አጽናኞች ይበቃሉ፤ ተራቸው በወረቀት ተጽፎ ከተረኛው ጠረጴዛ በላይ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ቁጥሩ ሳይዘመን እንዳይቀርም በየወሩ የሚለውጠው ሰው ይመደብ። ለስድስት ወር የሚመዘገበው ነገር አንድ ብቻ ይሁን፤ ስንት መርዶ በአካል ተነገረ፣ ስንቱ በስልክ ተነገረ። ፖሊሶቹ ከአጽናኞቹ ጋር ስላወሩት ነገር ምንም አይመዝገብ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ኮሚሽኑና ጉባኤው ተቀምጠው ይቀጥል ወይም ይቁም ይበሉ።

በእኛ በኩል በዕድራችን ተነጋግረንበታል። አምስት ሰዎች፣ ከእነሱም ሁለቱ ሴቶች፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ስልካቸውን ከፍተው ለማደር ፈቃደኛ ሆነዋል፤ አንዱ ጡረታ የወጡ ዋና ሳጅን ስለሆኑ ከፖሊስ ጋር ለመግባባት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ሃሳቡን ካጸደቃችሁት ድንኳኑም ወንበሩም ዝግጁ ነው፣ ዕድር የሌለው ኮንስታብል ሲሞትበትም እናበድረዋለን፤ ይህ የመጨረሻው በጉባኤ ስንወስን ሁለት አባላት ተቃውመውት ነበር፣ በድምፅ ብልጫ አልፏል።

ለመልስም ለጥያቄም፣ ዕድራችን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይሰበሰባል። ከኮሚሽኑ አንድ ሰው፣ ከጉባኤው ደግሞ አንድ ሰው ቢመጣልን ቡና እናፈላለን፤ የማይመቻችሁ ከሆነ ቀጠሮ ብትሰጡን እኛ እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ጡረታ የወጣች ነርስና የዕድር ጸሐፊ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ